የአባባ ቀኝ እግር

ጥቅምት 9

ይድረስ ለእህቴ፣

«አንተንም እንደ አባባ ጀመረህ ማለት ነው፤ እኔ እንኳ ካንተ አልጠበቅሁም ነበር።»

ይህን የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። ቃል አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩበትም። «እንደምን ሰነበትክ» ብለሽ ጀምረሽ፣ «ፈጣሪ ይጠብቅህ» ብለሽ ልትጨርሺ ስትይ፣ መሀል ላይ እንደ መርፌ ሸጉጠሽ የላክሽው ዐረፍተ ነገር ነው። ልብስ ሰፊ ነሽና መርፌ ጨርቅ ውስጥ ረስቶ ለሰው መስጠት ምን እንደሚያደርግ እኔ አልነግርሽም።

«ጀመረህ» ያልሽው መጠጡን ከሆነ መጠጥ ብለሽ ጻፊ። በዚያ የጡረታ ሽኝት ላይ እኔ የጠጣሁት ውሃ ነው። ለጡረተኛው ንግግር አድርጌ ከመድረኩ ስወርድ ቀኝ እግሬ መሬት መርገጡን አልነገረኝም። ጣቶቼ ወደ ታች ተንጠልጥለው ምንጣፉን ያዙት፤ እኔ ደግሞ ጠረጴዛውን ያዝኩ፤ አብረን ወደቅን። የሰው መጠጥ ሁሉ ሱፌ ላይ ተደፋ። የአክስታችን ልጅ አሽትታ የነገረችሽ ያንን ነው። እሷ መቼም አፍንጫ እንጂ ዓይን አልተሰጣትም።

አሁን የሆንኩትን ልንገርሽ። ከጉልበት ጎን፣ በውጭ በኩል፣ ጉብ ያለች አጥንት አለች። ከእሷ ጀምሮ በባቴ ጎን ወርዶ እስከ እግሬ ጀርባ ድረስ ደንዝዟል። አያመኝም። ቢያመኝ በወደድኩ። ሳሸው የሌላ ሰው እግር የማሽ ይመስለኛል። ካልሲዬን አውልቄ ሳበቃ ገና ያላወለቅሁት ይመስለኛል። የእግሬን ጫፍ ቀና ላደርግ ስል ትእዛዙ ከጉልበቴ አያልፍም።

መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም ገና ሳልቀመጥ «ስንት ትጠጣለህ?» አለኝ። «ትጠጣለህ ወይ?» እንኳ አይደለም። አልጠጣም ስለው እንደ አንቺ ፈገግ አለ። ቆይቶ ግን ነገሩን ዘረዘረው፤ መጠጥ ነርቭ ይበላል፣ ስኳር በሽታም ይበላል፣ የወገብ ዲስክ ሲንሸራተት ነርቭ ይጫናል፣ የቫይታሚን እጥረትም አለ፣ እግር አጣምሮ መቀመጥ እንኳ ያደነዝዛል። ከዚያ «በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ የሆነ ሰው ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ጠይቄ እነግርሃለሁ ብዬው ወጣሁ።

ለምን እንዳልነገርኩት ልጻፍልሽ፤ ለሌላ ሰው ብነግር ያበደ እባላለሁ። ሚዛን የምንፈትሽበት መሥሪያ ቤታችን ያረጀ ሕንፃ ነው፤ ሚዛኖቹና የናሱ መመዘኛ ክብደቶች ያሉበት ክፍል ከረጅም ኮሪደር ጫፍ ነው። ሰኞ ጧት ማንም ሳይገባ ቀድሜ ገባሁ። ከኋላዬ ሰው ሲመጣ ሰማሁ። ተረከዝ፣ ከዚያ ጧ የሚል የጫማ ሶል። ተረከዝ፣ ጧ። አወቅሁት። ከአርባ ዓመት በላይ ያልሰማሁት አካሄድ ነው። ዞርኩ፤ ማንም የለም። ቆምኩ፤ ቆመ። ሄድኩ፤ ሄደ። የራሴ እግር መሆኑ የገባኝ በሩ ጋ ስደርስ ነው። ገብቶኝም ግን እስከ ዛሬ ዞር እላለሁ።

አንቺ ያኔ ለአቅመ ሔዋን የደረስሽ ልጅ ነበርሽ፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስለዚህ ለሐኪሙ የምመልሰው ከአንቺ የምሰማውን ነው። አባባ ሲጠጣ በዓይንሽ አይተሻል? ብርጭቆ በእጁ ይዞ? እማማ ያለችውን አይደለም የምጠይቅሽ፤ አንቺ ያየሽውን ነው።

በስልክ አትመልሺልኝ። በስልክ ታለቅሻለሽ፤ እኔም እሸነፋለሁ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 26

ለወንድምዬ፣ ለጋሽ ሚዛን፣

እንደምን ከረምክልኝ? እግርህስ እንዴት ዋለ? እኔ ደህና ነኝ፤ ዓይኔ ብቻ ክር ማስገባት ላይ እየለገመ ነው። ደብዳቤህን ሳነብ እዚህ ክፍሉ መሀል ቆመህ የምትጮህብኝ መስሎኝ ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁት። ጎረቤት እንዳይሰማ ብዬ። በኋላ ብቻዬን ሳቅሁ።

ስለ መርፌው ይቅር በለኝ። ክፋት አልነበረውም። ሰው ሲፈራ ይሳደባል፤ የእኔም እንዲያ ነው። መዘግየቴንም ይቅር በል፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተቀብዬ ቁልፍና ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ተቀብሬ ነው የሰነበትኩት።

ስለ አባባ ጠይቀኸኛል። ወንድሜ፣ አባባ ይጠጣ ነበር። ሰፈሩ ያውቃል፣ መሥሪያ ቤቱ ያውቃል። አውቶቡሱን ከነተሳፋሪው የሰው አጥር ላይ ሲያወጣው «እግሬ ፍሬኑን አጣው» ብሎ ሲመልስ አለቆቹ አልሳቁበትም? አንተ ትንሽ ስለነበርክ እኛ ስንስቅ አብረህ ትስቅ ነበር።

ብርጭቆ በእጁ አይተሻል ወይ ላልከኝ፣ አላየሁም። ሴት ልጅ አባቷን ተከትላ መጠጥ ቤት አትገባም። ሽታው ግን ነበር። በሩን ሲከፍት ቀድሞት ይገባል። እማማም ጠርሙሱን ከውሃ ማጠራቀሚያው ጀርባ አግኝታዋለች። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ? አጥንቱን አውጥተህ ሚዛን ላይ ልታስቀምጥ ነው?

ሐኪሙን «አባቴ በአደጋ ሞተ» በለው። ውሸትም አይደለም፤ ከደረጃ መውደቅ አደጋ ነው። የሞተ ሰው ይረፍ። አንተም ዕረፍ።

ማሙሽን በተመለከተ ባለፈው በስልክ ለጠየቅኸኝ፣ ልጄ ደህና ነው። ራሱን ችሎ ወጥቷል። ሃያ አራት ዓመት የሞላው ጎረምሳ፣ የሰው ሳሎን ሴራሚክ የሚያነጥፍ፣ እስከ መቼ ከእናቱ ጋር «ማሙሽ» እየተባለ ይኖራል? ስልኩን ካላነሳልህ ሥራ በዝቶበት ነው። ጉልበቱ ላይ ተንበርክኮ፣ እጁ በሲሚንቶ ተለውሶ እንዴት ያንሳ።

ሙቅ ውሃ ውስጥ እግርህን ንከር። ጨው ጨምርበት።

የምትወድህ እህትህ


ኅዳር 5

ይድረስ ለእህቴ፣

ይቅርታሽን ተቀብያለሁ። ስለ ማሙሽ የጻፍሽውን ግን አልተቀበልኩም።

ስልኩ ዝግ ነው። ሥራ የበዛበት ሰው ስልኩ ይጮሃል እንጂ አይዘጋም። ስለዚህ አሠሪውን ፈልጌ አገኘሁት፤ የኮንትራክተሩን ቁጥር የሰጠሽኝ ራስሽ ነሽ፣ ለቤቴ ወለል ሥራ ብለሽ። ሰውዬው ምን አለኝ መሰለሽ? «ጋሼ፣ ልጁ እጁ ወርቅ ነው። ግን በጧቱ እየተንገዳገደ ሁለት ካርቶን ሴራሚክ ይዞ ወደቀብኝ። ጠጪ ከእኔ ጋር አይሠራም፤ አሰናበትኩት።» ይህን ታውቂያለሽ። ሳታውቂ ብትቀሪ «ራሱን ችሎ» የምትል ቃል አትመርጪም ነበር። አንቺ «ሥራ ገባ» ወይም «ቤት ተከራየ» ትያለሽ እንጂ እንዲህ የተተኮሰ አማርኛ አትጽፊም።

ወደ እግሬ ልመለስ። የስኳር ምርመራው ንጹሕ ነው። የወገቤ ፎቶ ንጹሕ ነው። ቫይታሚኑም ደህና ነው። የመጀመሪያውን ሐኪም ትቼ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ወጣት ሴት ናት፤ ቃል አታባክንም። «ቢሮህ ውስጥ እንደምትቀመጠው ተቀመጥ» አለችኝ። ቀኝ እግሬን በግራው ጉልበት ላይ አጣጥፌ ተቀመጥኩ። «በመስክ ሥራስ?» አለችኝ። የጭነት መኪና ሚዛን ስፈትሽ ቁጢጥ ብዬ ነው የምውለው፤ ቁጢጥ አልኩላት። ሁለቱም ያቺን ጉብ ያለች አጥንት ይጫኗታል፤ ነርቩ በላይዋ ነው የሚያልፈው፣ ከቆዳ ሥር፣ ምንም መከለያ ሳይኖረው። «ግን» አለች፤ «ሌላ ሰው እንዲህ ቢቀመጥ እግሩ ለትንሽ ጊዜ ይደነዝዝና ተነስቶ ሲያራግፈው ይመለሳል። ያንተ ወራት አልፎታል።» ከዚያ እጆቼን በኤሌክትሪክ ፈተሸች። እጆቼ ምንም አላመሙኝም ነበር፤ ታመው ተገኙ። ክርኔ ጋ፣ አንጓዬ ጋ፣ መልእክቱ እየዘገየ ነው የሚያልፈው። እና እንደገና ያ ጥያቄ መጣ፦ «አባትህ? እናትህ? ወንድም፣ እህት?»

መልስ የለኝም አልኩ። አፍሬ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አንድ ነገር አልለቀቀኝም። የድሮውን አውቶቡስ ታስታውሺዋለሽ? ሞተሩ ከሾፌሩ ቀኝ ነበር፣ በቆርቆሮ ክዳን ተሸፍኖ። እኔን ያስቀምጠኝ የነበረው እዚያ ክዳን ላይ ነው፣ መቀመጫዬ እስኪግል ድረስ። የአባባ ቀኝ ጉልበት ቀኑን ሙሉ ያንን ክዳን ተደግፎ ነበር የሚውለው። በውጭ በኩል። ሱሪው እዚያ ቦታ ላይ ያብረቀርቅ ነበር። ይህን ከየት አመጣሁት? ስንት ዓመት ሙሉ የት ተቀምጦ ነበር?

ሌላም መጣ። ሲመሻሽ ያ እግር በደረጃው ላይ ይሰማል። ተረከዝ፣ ጧ። እማማ የያዘችውን ጥላ መቀርቀሪያውን ትወረውራለች። ከውጭ የሚለው ሁሌ አንድ ነገር ነበር፦ «እግሬ ነው፤ ክፈቱልኝ።» የሰከረ ሰው ቃሉን ይጎትታል፤ ይሳደባል፤ ይዘፍናል። አባባ ግን ትኬት እንደሚጠይቅ ሰው ጥርት አድርጎ ነበር የሚናገረው። የመጨረሻዋም ቀን እንዲሁ ነበር። ሲወርድ ሰማነው። ታች መድረሱን ግን አልሰማንም። ጧት ደረጃው ሥር ተገኘ።

ስለዚህ ሽታው ነበር ካልሽኝ፣ ከየት ነበር? ከአፉ? ከእጁ? ከሸሚዙ? አንቺ ጨርቅ አገላብጠሽ የለበሰው ሰው በየትኛው ትከሻው ቦርሳ እንደሚያንጠለጥል የምትናገሪ ሴት ነሽ። የአባባን ልብስ ታጥቢ የነበርሽው ደግሞ አንቺ ነሽ።

ማሙሽስ ሲሄድ እግሩ ምን ይላል?

ሁለቱንም መልሺልኝ። አንዱን መልሰሽ ሌላውን በጨው ውሃ አትሸፍኚብኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 13

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አሁን አልመልስም። ልመልስ ብዬ ተቀምጬ ነበር፤ አልቻልኩም። እጄም አመቺ አይደለም፤ መቀስ ይዤ ስውል ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ ጉንዳን የወረራቸው ይመስለኛል፤ ከድሮም ያለ ነው፣ የእርጅና ነው፤ ስለዚህ አትቆጣ። ጽሑፌ የተንጋደደው ለዚያ ነው።

ሰላም ሁንልኝ።

እህትህ


ኅዳር 19

የትኞቹ ጣቶች? የየትኛው እጅ?

ወንድምሽ


ኅዳር 27

ወንድምዓለም፣

ትንሿና ከጎኗ ያለችው። የቀኝ እጄ። ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ ስቆርጥ ስውል ይብሳል። መርፌ ወግቶኝ ደሙን ጨርቁ ላይ አይቼ ነው የማውቀው። ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ጣቷ የማይሰማት ልብስ ሰፊ ማን ያሰፋባታል?

ይኸው መለስኩ። አሁን ሌላውን ልጻፍ፤ ካቆምኩ ዳግመኛ አልጀምረውም።

ሽታው ከሱሪው ነበር።

የሱሪው ቀኝ እግር፣ ከጉልበት በታች። ካልሲውም፣ የቀኙ ብቻ። ሸሚዙ የናፍጣና የላብ ነበር። ሳጥብ አፍንጫዬን ይሰነፍጠኝ ነበር። ሲጠጣ አፍስሶበት ነው እል ነበር። አሁን ሳስበው፣ የትኛው ሰካራም ነው ሁልጊዜ አንድ እግሩ ላይ ብቻ የሚያፈሰው? ያኔ ግን እንዲህ አልጠየቅሁም። እማማ ካለች አለች ነው።

ጠርሙሱም የመጠጥ አልነበረም። ቁስል የሚጠረግበት አልኮል ነው፣ ከመድኃኒት ቤት። እማማ አግኝታው «ይኸው፣ የሚነድ ነገር መጠጣት ጀመረልሽ» ብላ አለቀሰች፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ደፋችው። እኔም አለቀስኩ። ግን ወንድሜ፣ እኔ ያንን ጠርሙስ ከእሷ በፊት አይቼዋለሁ።

አንድ እሑድ እማማ የለችም፤ አንተ ውጭ ኳስ ላይ ነህ። የታጠበ ልብስ ይዤ የመታጠቢያ ቤቱን በር ገፋሁት። አባባ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ አልኮሉን እያፈሰሰ፣ በሁለት እጁ ባቱን ያሻል። ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው፣ ቀስ ብሎ። ሲያየኝ አልደነገጠም። «ነቃ በል እያልኩት ነው» አለኝና ሳቀ። «ምን ሆኖ?» ስለው ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ። እሷ ለእህቷ ትነግራለች፣ እህቷ ለሰፈሩ፣ ሰፈሩ ለጋራዡ። የጠጣ ሾፌር ይገሠጻል፤ እግሩ የሞተ ሾፌር መንጃ ፈቃዱን ይነጠቃል። ጠጪ ይበሉኝ፤ ግድ የለም። እንጀራችን እዚህች እግር ላይ ናት።» ማይልኝ አለኝ። ማልኩለት።

ጠበቅሁለት። መሥሪያ ቤቱ ሲያባርረው ጠበቅሁ። እማማ መቀርቀሪያውን ስትወረውር ጠበቅሁ። ያን ጧት ሰዎች «ምስኪን፣ መጠጥ ገደለው» ሲሉ ጠበቅሁ። ከዚያ ጥበቃው ለምን እንደነበር ጠፋብኝ፤ እኔም እንደ ሰዉ «ጠጪ ነበር» ማለት ጀመርኩ። እንዴት አድርገሽ ትለኝ ይሆናል። እንጃ። ሁለቱም እራሴ ውስጥ ተቀምጠው ሳይተዋወቁ ኖሩ።

እሱ ካልጠጣ እኛ ምን ሆንን? መቀርቀሪያው የተወረወረው በማን ላይ ነው? አንተ ይህን ስትጠይቀኝ የነርቭ ነገር ነው የሚመስልህ። እኔ ግን እናቴን ነው የምትወስድብኝ።

አሁን ማሙሽን። አስወጥቼዋለሁ።

እዚሁ በድሮው ቤታችን ደረጃ ላይ ይወድቅ ነበር። ጫማው አፍንጫው ላይ ያልቃል፣ የቀኙ። ስጠይቀው «ጉልበቴ ነው፣ እማ፣ ስንበረከክ ስለምውል ነው» ይላል። እኔ ይህን ነገር የት ነው የሰማሁት እላለሁ፤ ከዚያ ያ ሁሉ ይመጣብኛል። ተኝቶ ሳለ አፉን አሸተትኩ። ምንም የለም። ለታችኛዋ ጎረቤት ስነግራት «አሁን የሚጠጡት እኮ አይሸትም» አለችኝ። እኔ ሞኟ ሽታ ማጣቱንም ማስረጃ አደረግሁት። ከሥራ ሲባረር በቃኝ አልኩ። የአባቴን ሬሳ ያነሳሁበት ደረጃ ላይ የልጄን አላነሳም አልኩ። «እስክትተው እዚህ ቤት አትመጣም» አልኩት። የበሩንም ቁልፍ አስቀየርኩ። መጥቶ የድሮውን ቁልፍ ሲሞክር ከውስጥ ቆሜ ሰማሁት። ሲሞክር፣ ሲሞክር፣ ከዚያ «እማ፣ እዚያ ነሽ?» አለኝ። አልከፈትኩለትም።

ሲወርድ እግሩ ምን እንዳለ አትጠይቀኝ። ጆሮዬን ይዤ ነበር።

በምን አፌ ነው የምጠራው? ለሰው አትንገርብኝ። ለአክስታችን ልጅማ ሞቼ ነው።

እህትህ


ታኅሣሥ 4

እታለም፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ሁለት ቀን ብዕር አላነሳሁም፤ ተናድጄ ብጽፍ በማን ላይ እንደምናደድ ስላላወቅሁ ነው። አሁን አውቄያለሁ፤ ቅደም ተከተሉም ገብቶኛል።

አንቺ ላይ አይደለም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የአባቷን ምሥጢር ጠብቂ ተብላ ጠበቀች፤ እንዲህ ያለ ቃል ያስገባት አባባ ነው። አዎ፣ በእሱ ተናድጃለሁ። ልጁን ምስክር አድርጎ፣ ሚስቱን አሳስቶ፣ ሰካራም መባልን እንደ ካፖርት ደርቦ ሄደ። ከአካለ ጎደሎ ሰካራም መሆን የሚሻልበት መሥሪያ ቤት ላይም ተናድጃለሁ። እማማ ላይ ልናደድ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። እሷ ያሸተተችውን ነው የፈረደችው። እናትሽን አልወስድብሽም።

አባባ በሕይወቱ አንድም ቀን አልጠጣም ብዬ ግን አልፈርምም። ያልመዘንኩትን አልፈርምም። የምፈርመው ይህን ነው፤ ጠጪ ያልንበት ማስረጃ ሁሉ ሽታው ነበር፤ ሽታውም እግሩ ላይ ነበር። በቃ። ይህንኑ ለሐኪሟ ነገርኳት። ሰማችኝና «ምስኪን» አለች። ቃል እንደማታባክን ነግሬሽ ነበር።

የደሜ ምርመራ ውጤት መጥቷል። በዘር የሚወረስ ነው። በቀላሉ ልንገርሽ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላስቲክ እንደሚለብስ ነርቭም ልባስ አለው። በእኛ ቤት ልባሱ ሲጫኑት የሚበላሽ ነው። ሌላውን ሰው ለአፍታ የሚያደነዝዘው ነገር እኛን ለወራት ያደነዝዘናል፤ ሳይታወቀን እየተጫነው ከቀጠለ ደግሞ ላይመለስ ይችላል። የአባባን የሞተሩ ክዳን ጎዳው። የእኔን እግር ማጣጠፍና ቁጢጥ ማለት። የአንቺን ክርንሽን ጠረጴዛ ላይ ማስደገፍ። ከወላጅ ለልጅ የመተላለፉ ዕድል እኩል በእኩል ነው፤ ለሁሉም ልጅ አይደርስም፣ ለእኛ ለሁለታችን የደረሰ ይመስላል። የሚያድን መድኃኒት የለውም። ግን የሚጫነውን ማንሳት ይቻላል፤ ሲያነሱት አብዛኛው ቀስ እያለ ይመለሳል። እኔ ጫማዬ ውስጥ የሚገባ የፕላስቲክ ድጋፍ ተሰጥቶኛል፤ እግሬን ማጣጠፍ ትቻለሁ፤ ባለፈው ሳምንት አውራ ጣቴ ከምንጣፉ ላይ ትንሽ ቀና አለች። ሳላስበው ጨበጨብኩላት። ሚስቴ ደንግጣ መጣች።

ማሙሽ ግን ቀኑን ሙሉ ጉልበቱ ላይ ነው የሚውለው። ቁጢጥ ብሎ ሴራሚክ ይቆርጣል፣ ተንበርክኮ ያነጥፋል። መቆም ያለበት እሱ ነው፣ ዛሬ። እንዳይቆም ያደረገው ደግሞ ምክንያቱን አለማወቁ ነው። እሱም ራሱን ሳይጠረጥር አይቀርም። ሰው ሳይጠጣ ጠጪ ሲባል ሲባል የጠጣ ይመስለዋል።

የት እንዳለ አግኝቼልሻለሁ። ለኮንትራክተሩ ዳግመኛ ደወልኩለት፤ አሁን ሲናገር ድምፁ እንደ ፊተኛው አይደለም፣ ነገሩን አስረድቼው አፍሯል። ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ ገና ያላለቀ ፎቅ አለ፤ የሚያውቁት ሠራተኞች ሦስተኛው ፎቅ ላይ አስጠግተውታል። በቀን ለሌላ ሰው ያነጥፋል፣ እዚያው ያድራል። ደረጃው መደገፊያ አልተገጠመለትም። ይህን ዐረፍተ ነገር ደግመሽ አንብቢው። እኔ ጽፌው ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ።

ራሴ በመጣሁ። ሐኪሟ ቀን ሙሉ ጉልበት አጥፎ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጥን ከልክላኛለች። ብትፈቅድልኝም የምትሄጂው አንቺ ነሽ፤ በሩን ከእኔ አይጠብቅምና። በምን አፌ እጠራዋለሁ ብለሽኛል። ለአንድ ሰካራም ይቅርታ እንደምታደርጊ ሳይሆን ለአንድ በሽተኛ በር እንደምትከፍቺ ሆነሽ ሂጂ። ጠጥተህ ነበር ወይ ብለሽ አትጠይቂው። አታሽትቺው። ወደ አንቺ ሲመጣ አካሄዱን ቆመሽ አትመልከቺ፤ አብረሽው ውረጂ፣ በቀኙ በኩል ሆነሽ፣ ክንዱን ይዘሽ። አዲሱን ቁልፍ እዚያው ስጪው። ስለ አባባ መንገድ ላይ ንገሪው፤ ሁሉንም፣ ባልዲውንም ሳይቀር። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ስለ እግር ማንም ለማንም ምሥጢር አያስጠብቅም።

ሐኪሟ ታኅሣሥ 22 ቀን ልታየው ቀጠሮ ይዛለታለች። ለአንቺም ከእሱ ቀጥሎ ይዣለሁ፤ አልጠየቅሁሽም። የመሳፈሪያውን ነገር ለእኔ ተዪው፤ ከፊት ያለውን ሰፊ መቀመጫ ያዙ፣ እግር የሚዘረጋበትን።

እስከዚያ ግን የጽሑፍ መልስ እፈልጋለሁ፤ ታኅሣሥ 15 ቀን እጄ ይግባ። ከአንቺ አልቀበልም። ማሙሽ በገዛ እጁ ይጻፈው፤ ፖስታው ላይ ከላኪው ስም ሥር የቤትሽን አድራሻ ያድርግበት።

ወንድምሽ